የበር ሳል

አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ከዚህ በታች ከምጽፍልሽ ውስጥ የተሳሳትሁት አይጠፋም። ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ሁለት ሺህ ስምንት ይሁን ሁለት ሺህ ዘጠኝ እርግጠኛ አይደለሁም። አንዱን ቀን ከሌላው ጋር አደባልቄው፣ አንዱ የተናገረውን በሌላው አፍ አድርጌው ሊሆን ይችላል። ትዝታዬን ብዙ ጊዜ ፈትኜው ብዙ ጊዜ ወድቋል። ሽታን በተመለከተ ግን እስካሁን አላሳፈረኝም።

ባለፈው ሳምንት፣ አሁን በምኖርባት ከተማ፣ መድኃኒት ቤት ገብቼ ቁጥሬ እስኪጠራ ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት የጉሮሮ ከረሜላ ከወረቀቱ ላጠች። የባሕር ዛፍ ሽታ ነበር። በልጅነቴ ጉንፋን ሲይዘኝ ቅጠሉን አፍልተው በብርድ ልብስ ሸፍነው የሚያጥኑኝን ቤት ሊያስታውሰኝ ይገባ ነበር፤ አላስታወሰኝም። ይዞኝ የሄደው ወደ ኦስሎ ነው፤ ወደ ቢየርቪካ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መብራቱ ገና ወዳልበራ የቢሮ ኮሪደር፣ ወደ አያትሽ ሳል። ቁጥሬ ተጠርቶ አለፈኝና እንደገና ወረፋ ያዝሁ።

በዚያው ሳምንት መልእክትሽ ደረሰኝ። ግማሹ በኖርዌይኛ ግማሹ በአማርኛ ነበር፤ እኔንም፣ በእናትሽ ዕድሜ ያለሁትን ሰው፣ ‘አንተ’ ብለሽኛል። ቅር አላለኝም። “አባባ እኔን መሳም ያቆመው ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ አለችኝ ማማ። ያ ወይስ ነይ?” ይላል፤ በኖርዌይኛ አዎ ወይስ አይደለም ማለትሽ ነው። ስለ እሳቸው የምታስታውሺው አንድ ቡናማ ሻርፕና በር ላይ የሚሰማ ሳል ብቻ እንደሆነም ጽፈሻል። እናትሽ ኦስሎ ዳር ያለውን የስቶቭነር ቤት ዕቃ ስታስተካክል የድሮ ካፖርታቸውን እንዳገኘች፣ በውስጥ ኪሱ ደብዳቤ እንደነበረ፣ እሷ ጋ ስትሄጂ ፎቶ አንስተሽ እንደምትልኪልኝም ነገርሽኝ።

መልሱ ‘ያ’ ነው፤ አውቃለሁ። ወይም አውቃለሁ እያልሁ ኖሬአለሁ። ግን በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። በአማርኛ የምጽፍልሽም ነገሩ ሁሉ የሆነው በአማርኛ ስለነበረ ነው። ከከበደሽ እናትሽ ታንብብልሽ፤ እሷም ልትሰማው የሚገባ ነገር አለው።

ኦስሎ የሄድሁት ለሁለተኛ ዲግሪ ነበር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ኖርዌይኛዬ ከሰላምታና ዳቦ ከመግዛት አያልፍም ነበር። ጧት ጧት፣ ክፍል ከመግባቴ በፊት፣ ቢየርቪካ በሚገኝ አንድ ሕንፃ ውስጥ ቢሮ አጸዳ ነበር። ያኔ አካባቢው ግማሹ ወደብ፣ ግማሹ ክሬን ነበር። አዲሱ ኦፔራ ቤት ነጭ ጣሪያውን ወደ ውኃው አዘንብሎ ቆሞ፣ ፀሐይ ስትወጣ ብርሃኑ ከጣሪያው እየተንጸባረቀ የምናጸዳውን መስታወት ያጥበረብርብን ነበር። ወይስ ኦፔራው ገና በአጥር ተከልሎ ነበር? አጥሩም ትዝ ይለኛል። ሁለቱንም ማስታወሴ ነው የሚያሳስበኝ።

አያትሽ የሥራ ጓደኛዬ ነበሩ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ከሥራ ቱታው ሥር ሁልጊዜ ኮሌታው የተተኮሰ ሸሚዝ የሚለብሱ ሰው። ኤርትራዊ ቢሆኑም እናትሽን ወልደው ያሳደጉት አዲስ አበባ ስለነበር አማርኛቸው ከእኔ ይልቅ የጠራ ነበር፤ ትግርኛው የሚወጣው ሲቆጡና ሲያቆላምጡ ነው። ‘ወደይ’ ይሉኝ ነበር፣ ልጄ ለማለት። እኔም አባባ እላቸው ነበር። በተዋወቅንበት ጧት ከየት እንደመጣሁ ጠይቀውኝ ነገርኋቸው፤ በሁለቱ አገሮች መካከል የነበረው ጦርነት ገና ሩቅ አልሆነም ነበር። ከዚያ የወለል መወልወያውን አቀበሉኝና “እዚህ ወለሉ አንድ ነው፤ ያዝ” አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጉዳዩ አንሥተን አናውቅም።

ቀድሞ ትኩረቴን የሳበው ሳላቸው ነበር። አያትሽ ማንኛውንም በር ከመክፈታቸው በፊት አንድ ጊዜ ይስሉ ነበር፤ አጭር፣ ከጉሮሮ ሥር የምትወጣ፣ ‘እህም’ የምትል ሳል። አገር ቤት ትልልቅ ሰዎች የሰው ግቢ ሲገቡ እንደሚያደርጉት ነው፦ መጣሁ፣ የምታወሩትን አቁሙ፣ ልብሳችሁን አስተካክሉ ለማለት። ልዩነቱ፣ የእኛ ቢሮዎች በዚያ ሰዓት ባዶ መሆናቸው ነበር። ባዶ ክፍል በር ላይ ቆመው ይስላሉ፣ አንድ አፍታ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ይገባሉ። ለማን እንደሚስሉ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። “ለወንበሮቹ” አሉኝ፤ “እነሱም የራሳቸው ጨዋታ ይኖራቸዋል።”

ባዶ የማይሆን አንድ ክፍል ብቻ ነበር። በአራተኛው ፎቅ ጥግ ከሁሉም ቀድማ የምትገባ አንዲት እንግሊዛዊት ነበረች፤ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ከቤቷ በቴርሞስ ሻይ ይዛ የምትመጣ፣ ኦስሎ ብዙ ዓመት የኖረች። አያትሽ ኖርዌይኛቸው ለሥራ ያህል ብቻ ስለነበረ፣ እንግሊዝኛም ስለማይችሉ፣ ከእሷ ጋር የማወራው እኔ ነበርሁ። አንድ ጧት አያትሽ በሯ ላይ ስለው ገብተው፣ ቅርጫቷን ደፍተው ከወጡ በኋላ፣ እኒህ ሰው ክፉ ሳል አላቸው አለችኝ። የተጠቀመችበት ቃል ለጠባየ ብልሹ ሰው የሚነገር ነበር፤ ሳሉ ባለጌ ልጅ ይመስል።

እኔም ደስ እያለኝ አስረዳኋት። ሕመም አይደለም አልኋት፤ የበር ሳል ነው፤ እንዲህ ያለ ልማድ አለን፤ በር ከማንኳኳት ይልቅ ትሕትና ያለው ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ስለ ራሱ ባህል ለውጭ ሰው ሲያስረዳ የሚሰማው ኩራት አለ፤ ያን ጧት ሞልቶኝ ነበር። እሷም ሳቀች። እነሱም ‘የጨዋ ሳል’ የሚሉት አላቸው፤ ድሮ በትልልቅ ቤቶች አሽከሮች ጌታቸው ወዳለበት ክፍል ሲገቡ የሚስሉት፣ ዛሬም ስብሰባ ላይ አንዱ የማይሆን ነገር መናገር ሲጀምር አጠገቡ ያለው የሚስለው። ሁለት ሩቅ አገሮች አንድ ሳል መጋራታቸው በጣም ገረመኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ስለ ሳል የሚናገሩትን በአንድ ሰማያዊ ደብተር መጻፍ ጀመርሁ። የትምህርቴ ጉዳይ አልነበረም፤ ዝም ብሎ ጉጉት ነበር። እኛ ሳል ያዘኝ እንላለን፤ ያዡ ሳሉ ነው፣ እኛ የተያዝን ነን። እሷ ግን ሳል አለኝ ትል ነበር፣ ቦርሳ አለኝ እንደማለት። ጉንፋንንም የሚይዙት ራሳቸው ናቸው፣ እንደ ኳስ። ሲታመሙ ጥፋተኛ የሚመስሉትም ለዚህ ይሆናል ብዬ ጽፌአለሁ፤ ያነጠሰን ሰው እንደ እኛው ይመርቁታል፣ የሚያስለውን ግን ማንም አይመርቀውም፤ እሱ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። ወር ሙሉ እንቅልፍ ያጣ ሰው ‘ሳል ቢጤ አለኝ’ ይላል። አልለቅ ሲለው ‘አራግፌ ልጥለው አልቻልሁም’ ይላል፣ ካፖርቱ ላይ እንዳረፈ በረዶ። ሐኪም ዘንድ ሂድ ለማለት ደግሞ ‘ሳልህን ይዩልህ’ ነው የሚሉት፣ ሳል የሚታይ ነገር ይመስል።

ዓይነቱንም ይለያዩታል። ደረቁን እኛም እናውቀዋለን፤ የልጆቹንም ትክትክ ብለን ለይተነዋል። እንግሊዛዊቷ ግን ሻይዋን እየቀዳች የደረት የሆነውን፣ ጉሮሮ የሚኮረኩረውን፣ እንደ ውሻ የሚጮኸውን፣ እንጨት እንደሚፈልጥ መጥረቢያ እየደጋገመ የሚመታውን አንድ በአንድ እየሳለች አሳየችኝ። አክታ ያለውን ‘ምርታማ’ ይሉታል፣ የእርሻ መሬት ይመስል። ይህን ሁሉ ለአያትሽ ስነግራቸው እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰምተው፣ “ይህን ያህል ስም ካወጡለት ታዲያ ለምን ብሎ ይለቃቸዋል?” አሉ።

መከር ሲገባ ይመስለኛል፣ እንግሊዛዊቷ አንድ ጧት አያትሽ ከክፍሏ ከወጡ በኋላ እጇን አንሥታ አስቆመችኝ። “ይቺ ግን የጨዋ ሳል አይደለችም” አለችኝ። አንድ ፓኬት የባሕር ዛፍ ከረሜላም ለሰውዬው ስጥልኝ ብላ ጠረጴዛዋ ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። ጆሮዋ ለይቶት ነበር። እኔ ግን አንድ ጊዜ ‘የበር ሳል’ ብዬ በደብተሬ ስለጻፍሁት፣ ከዚያ ወዲያ የምሰማው ሁሉ የበር ሳል ነበር።

ከዚያ በኋላ ማዳመጥ ጀመርሁ። የበር ሳል በር ላይ ያልቃል። ይህኛው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነበር የሚጀምረው፤ ባልዲና መወልወያ በምናስቀምጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ቧንቧው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ የውኃው ድምፅ እንዲሸፍነው። ሲወጡ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል፣ የከረሜላው ሽታ ይከተላቸዋል። ባልዲው ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ነበር።

ሐኪም ዘንድ እንዲሄዱ ለመንኋቸው። ለሁለት ሳምንት ያህል በቀልድ መለሱኝ፤ በመጨረሻ እሺ ያሉት አብሬ እንድሄድ ነው። የጤና ጣቢያው አስተርጓሚ በነፃ እንደሚያቀርብ አውቅ ነበርና ለምን እኔ፣ ኖርዌይኛ የማልችለው፣ አልኋቸው። “ድምፄን የማያውቅ የትግርኛ አስተርጓሚ ኦስሎ ውስጥ የለም” አሉኝ፤ “አንዱ ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ የሚቆም ነው፤ ሌላዋ የሚስቴን ተዝካር ያበሰለች ናት። የአማርኛዎቹ ደግሞ የእነዚያ ጓደኞች ናቸው። አንተ እንግዳ ነህ፤ ማንንም አታውቅም።” በሕጉ ምስጢር መጠበቅ ግዴታቸው ነው ብዬ ተከራከርሁ። ሕግ ቡና ላይ እንደማይቀመጥ ነገሩኝ። እናትሽም እንዳታውቅ አስጠነቀቁኝ፤ እሷ ቀን ቀን አረጋውያን መጦሪያ ትሠራ ስለነበር አንቺን ከባርነሃገው፣ ከመዋዕለ ሕፃናቱ፣ የሚያመጡሽ እሳቸው ነበሩና።

የቀጠሮው ቀን ሥራ ጨርሰን ከመሃል ከተማ ወደ ስቶቭነር በቲ-ባነ፣ በከተማው ባቡር፣ ተሳፈርን። በእንግሊዝኛ የማስረዳው እኔ ስለሆንሁ ሳላቸው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ማወቅ አለብኝ ብዬ ደብተሬን አወጣሁ። እሳቸውም ነገሩን እንደ ሥራ ያዙት። አንዱን ስም ሳነብላቸው ትንሽ ያስቡና ይስላሉ፤ “ይቺስ?” ይላሉ፤ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ቀጣዩን ይሞክራሉ። እንደ ውሻ የሚጮኸው ላይ ስንደርስ ከፊታችን የነበረች ሴት ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ሠረገላው ጫፍ ሄደች። ጋዜጣ የሚያነብ አንድ ሰውም ምንም እንዳልሆነ መስሎ ተከተላት። “ይህን ሁሉ ዓመት ስኖር ዛሬ ገና መቀመጫ ተለቀቀልኝ” አሉ አያትሽ። ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ ግን በመካከል ተለወጠባቸው፤ ወደ ሳል ሄደ፤ ሳሉም በደብተሬ ካሉት ውስጥ አልነበረም። ደብተሩን ዘጋሁት።

ስቶቭነር ወርደን ገና ጊዜ ስለነበረን ጣቢያው ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥን። ስለ እናታቸው ያወሩኝ ያን ጊዜ ነው። ልጅ ሳሉ እናታቸውን የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው ከቤት ለይተው በግቢው ዳር ያለች ክፍል አስገቧቸው። ምግብ ደጃፉ ላይ ይቀመጥላቸዋል። አያትሽ ከበሩ ሁለት እርምጃ ርቀው እንዲቆሙ ይፈቀድላቸው ነበር። እናታቸው በሩን የሚከፍቱት የልጃቸውን ሳል ሲሰሙ ነው፤ የበሯን ሳል የተማሩት ከዚያ እንደሆነ ነገሩኝ። ታሪኩን ሲነግሩኝ አላዘኑም፤ የአንድን ሥራ አሠራር እንደሚያስረዳ ሰው ነበር የሚያወሩት።

ከዚያም ወደ እኔ ዞሩና፣ “ሐኪሙን ስለ ልጅቷ አንዳች ነገር እንዳትጠይቀው” አሉኝ። ልጅቷ አንቺ ነሽ። ለምን አልኋቸው። “ከጠየቅኸው ይጽፋል። ከጻፈ ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ያነበዋል። ኮሙኑ ካነበበው ከባርነሃገው በር የሚያስቆመኝ ወረቀት ይመጣል። እኔ ራሴን ባቆም ይሻላል።” ምናልባት የሚተላለፍ ላይሆን ይችላል፣ ጠይቀን ብናውቅስ አልሁ። ሻርፓቸውን አጥብቀው ተነሡ።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ እንግሊዝኛው ከእኔ የተሻለ። የተመዘገበ አስተርጓሚ በስልክ ላቅርብ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀ፣ አያትሽም ሁለት ጊዜ እምቢ አሉ። የሰሜን ኖርዌይ ሰዎች እንደሚያደርጉት ‘ያ’ የሚለውን ቃል ትንፋሹን ወደ ውስጥ እየሳበ ነበር የሚናገረው፤ አያትሽ ጎንበስ ብለው፣ “እሱንም ያፍነዋል መሰለኝ፤ ማን ያክመው ይሆን?” አሉኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው ሲላቸው “ትንሽ ናት በለው” አሉ፤ እንግሊዞቹን ሳያውቋቸው እንደ እንግሊዝ ተናገሩ። ሐኪሙ ጀርባቸውን አዳመጠ፣ ለራጅና ለደም ምርመራ ጻፈላቸው፣ ውጤቱ በደብዳቤ ይደርስዎታል አለ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁለት ዓይነት አድርጌ ነው የማስታውሰው። በአንዱ ትዝታዬ፣ አያትሽ እንዳዘዙኝ ምንም ሳልጠይቅ ተከትያቸው ወጣሁ። በሌላው ደግሞ አያትሽ ጀርባቸውን ሰጥተውን ካፖርታቸውን ሲቆልፉ፣ እኔ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ የልጅ ልጅ አላቸው፣ አራት ዓመቷ ነው፣ ይተላለፋል ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ እሱም ራጁን ሳላይ አልልም አለኝ። ሁለተኛው ትዝታ ደብዛዛ ነው፤ በኋላ የፈጠርሁት ምኞት ይመስለኝ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት የኖርሁት በመጀመሪያው ነው፦ ሽማግሌ አክብሬ፣ መጠየቅ ያለብኝን አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ የቀረሁ ሰው ሆኜ።

ከጤና ጣቢያው በቀጥታ ወደ ባርነሃገው ሄድን። መሬቱ በስስ በረዶ ተሸፍኖ ነበር። አያትሽ የአጥሩ በር ላይ ቆመው የበሯን ሳል ሳሉ። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ለይተሽ ሰማሻት፤ ቀይ ቱታ ለብሰሽ፣ በጎማ ቦት ጫማሽ እየተንገዳገድሽ፣ እጅሽን ዘርግተሽ መጣሽ። አያትሽ መዳፋቸውን አንሥተው አስቆሙሽ፤ ሁለት እርምጃ ሲቀርሽ። ከዚያ ቡናማውን ሻርፕ ከአንገታቸው ፈቱና አንዱን ጫፍ ወረወሩልሽ። “ዛሬ ባቡር ነን” አሉሽ፤ “አንቺ ሞተሩ ነሽ፤ እኔ ፉርጎው። ፉርጎ ከሞተሩ ጋር አይጋጭም።” አንቺም ጉንጭሽን አዘንብለሽ ጠበቅሽ። አያትሽ ወደ አጥሩ ዞረው አንድ ጊዜ ሳሉ፤ የትኛዋ ሳል እንደሆነች መለየት አልቻልሁም። ከዚያ ሻርፑን ጎተትሽና ሄዳችሁ፤ አንቺ ከፊት እየጮኽሽ፣ እሳቸው ከኋላ፣ ሻርፑ በመካከላችሁ ተወጥሮ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በዚያች የባልዲ ክፍል ውስጥ፣ አያትሽ የተከፈተ ደብዳቤ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። በኖርዌይኛ ነበር። ‘ሳንባ’ እና ‘ሆስፒታል’ የሚሉትን ለየሁ፤ ሌላው ለእኔ ጽሕፈት ብቻ ነበር። እንግሊዛዊቷ ኖርዌይኛ ታውቃለች፣ ታንብብልን አልኋቸው። “ሳሌን ሰምታለች፤ ያ ይበቃታል” አሉ። እናትሽስ ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሷ ካወቀች ልጅቷን የሚያመጣት ሌላ ሰው ነው አሉኝ። እኔ በሳምንቱ ለጥናቴ መረጃ ለመሰብሰብ ወደ ኢትዮጵያ ልሄድ ነበር። ደብዳቤውን ልውሰደውና በመዝገበ ቃላት ልሞክረው አልሁ፤ አልጨቀጨቅኋቸውም፣ አንድ ጊዜ ብቻ አልሁ። አራት ላይ አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱት። “ስትመለስ ኖርዌይኛህ ይሻላል፤ ያኔ ታነብልኛለህ” ብለው ትከሻዬን መታ አደረጉኝ።

ስመለስ ጸደይ ነበር። በባልዲው ክፍል የማላውቀው ሰው ቆሟል። ማረፋቸውን የነገረችኝ እንግሊዛዊቷ ናት፤ ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ ቴርሞሷን በሁለት እጇ ይዛ። አዲሱ ሰው ሳይታወቃት እየገባ እንደሚያስደነግጣትም ነገረችኝ። ስቶቭነር ሄጄ እናትሽን ሳጽናና፣ አያትሽ ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ አንቺን እንዳታመጣሽ እንደከለከሏት አወጋችኝ፤ ቱቦዎቹን አይታ እንዳትፈራ ብለው ይሆናል አለች። ያን ጊዜ የማውቀውን ልነግራት ይገባ ነበር። ምስጢሩ የሳቸው ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ። አንቺ በኮሪደሩ አንድ ወንበር ከሻርፑ ጋር አስረሽ ትጎትቺ ነበር።

እንግዲህ መልሱ ይህ ነው። እናታቸውን የወሰደው በሽታ የያዛቸው መስሏቸው ነበር፤ ወደ አንቺ እንዳይተላለፍ ብለው ራቁሽ። ስንት እርምጃ መራቅ እንዳለባቸው ከልጅነታቸው ያውቁ ነበር።

እዚህ ድረስ ጽፌ ካቆምሁ በኋላ ትናንት የደብዳቤው ፎቶግራፍ ደረሰኝ። ዛሬ ኖርዌይኛ አነባለሁ፤ አያትሽ እንዳሉት ተሻሽሏል። ደብዳቤው ሦስት አጫጭር አንቀጾች አሉት። የመጀመሪያው ሳንባቸው ጠባሳ እንዳለበት፣ ሦስተኛው ሆስፒታሉ ለተጨማሪ ምርመራ እንደሚጠራቸው ይናገራል። ሁለተኛውን ደጋግሜ አነበብሁት። “ስለ ልጅ ልጅዎ በአስተርጓሚዎ በኩል ስላቀረቡት ጥያቄ፦ ሕመምዎ ወደ ሌላ ሰው የሚተላለፍ አይደለም። ከልጅቷ ጋር እንደ ወትሮው መሆን ይችላሉ” ይላል።

ጠይቄው ነበር ማለት ነው። ደብዛዛው ትዝታ እውነተኛው ነበር። ከጠየቅሁ ደግሞ፣ መልሱ በዚያች አራት በታጠፈች ወረቀት ውስጥ መሆኑን መጠርጠር ነበረብኝ፤ እንግሊዛዊቷ ያለችው በሁለት ክፍል ርቀት ነበር። አእምሮዬ ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ያልሁበትን ትዝታ የመረጠልኝ እሱ ስለሚቀል ይመስለኛል።

ልሳሳት እንደምችል በመጀመሪያ ነግሬሻለሁና ይህን አንዱን ለራሴ ንባብ ብቻ አልተውሁትም። ‘የሚተላለፍ’ የተባለበትን የኖርዌይኛ ቃል በሁለት መዝገበ ቃላት አመሳከርሁ፤ አንዲት ሐኪም ወዳጄንም ዛሬ ጧት አስነበብኋት። መነጽሯን አድርጋ ቀስ ብላ አነበበችውና አረጋገጠችልኝ፦ አይተላለፍም ነበር።